በግቢ ውስጥ የሚደረግ የሞተር ሳይክል ዘይት ለውጥ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ስለ አንድ ሊትር ዘይት መናገር ለአንዳንድ አድማጭ ጉዳዩን ማሳነስ መስሎ ይታየው ይሆናል። ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኃይል ማመንጫ በሚነገርበት መድረክ ላይ አንድ ሰው በግቢው ውስጥ ተንበርክኮ ከሞተር ሳይክሉ ሆድ ጥቁር ዘይት የሚያወርድበት ሥራ ምን ቦታ አለው ቢባል ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ይህ ሥራ በየከተማውና በየወረዳው በየቀኑ የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ አስተማሪና ያለ በቂ መሣሪያ የሚከናወን ሥራ ነው። ከመካኒክ ሥራዎች ሁሉ ብዙ እጅ የሚነካው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ መሐንዲስ ጥቂት ብቻ ያሰበበትም ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም ዘይት በወቅቱ የማይቀየረው ባለንብረቱ ሰነፍ ወይም አላዋቂ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው የሚያቆሽሽና የሚያማርር ስለሆነ ነው። የዘይት ዋጋ መናር የራሱ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ነገር ግን ዘይቱን ገዝቶ በቤቱ ያስቀመጠ ሰው እንኳ ሥራውን ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲያስተላልፍ ይታያል። ስለዚህ ንጽሕና ለዚህ ሥራ እንደ ጌጥ የሚጨመር ነገር ሳይሆን ሥራው በጊዜው ይሠራ ዘንድ የሚያስችል አንዱ የጥገና ክፍል ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ የወረዳ ከተማ የሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢወሰድ፣ በቀን 60 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን የሚጓዝ ከሆነ በዓመት 18,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። የሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ በየ3,000 ኪሎ ሜትር ዘይት ይቀየር የሚል ከሆነ በዓመት ስድስት ጊዜ መቀየር አለበት ማለት ነው። ይህ ሰው በእሑድ ጠዋት ሥራውን ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ማጠራቀሚያ ዕቃ ነው። ባለቤቱ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን አትሰጥም፤ አለመስጠቷም ትክክል ነው። ስለሆነም አንድ የተቆረጠ ጣሳ ከቡሎኑ ሥር ያኖራል። ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ ጣሳውን አልፎ መሬቱን ይመታል፤ ጣሳውን ወደ ፊት ሲገፋው የዘይቱ ግፊት ይቀንስና አሁን ደግሞ ከጣሳው በስተኋላ ይወርዳል። ቡሎኑና ሮንዴላው ከእጁ አምልጠው ዘይቱ ውስጥ ይገባሉ፤ በጣቱ ይፈልጋቸዋል። የጣሳው ይዘት ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ቦይ ይደፋል፤ እጅ በቤንዚን ይታጠባል። በሚቀጥለው ጊዜ ይህ ባለሙያ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ አራት ሺህ እስኪሆን ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላም የጎደለውን ብቻ እየጨመረ ይነዳል።

መታገሡ በመኪና ላይ ከሚያስከትለው ጉዳት ይልቅ በሞተር ሳይክል ላይ የሚያስከትለው የከፋ ነው። በአብዛኛው መኪና የሞተሩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት የተለያዩ ናቸው። በተለመደው ባለአራት ምት ሞተር ሳይክል ግን ፒስቶኑን፣ ኮሎውን፣ የካምቢዮውን ማርሾችና በዘይት ውስጥ የሚሽከረከረውን ፍሪሲዮን የሚያገለግለው አንዱ ዘይት ነው። የማርሾቹ ጥርሶች ዘይቱን እየፈጩ ውፍረቱን ያሳጡታል፤ ከፍሪሲዮኑ ሸራ የሚነሣው ብናኝ ይገባበታል፤ ከእሳቱ ክፍል ጥላሸት፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና ውሃ ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ላይ አንድ ሊትር ገደማ የሆነ ዘይት ነው። ጃፓኖች በ1998 እ.ኤ.አ. ጃሶ ቲ 903 የተባለውን መለኪያ ለሞተር ሳይክል ዘይት ለይተው ያወጡት ከዚሁ የተነሣ ነው። በቆርቆሮው ላይ ኤም ኤ የሚል ምልክት ያለው ዘይት ፍሪሲዮኑን የማያንሸራትት መሆኑ በፈተና የተረጋገጠ ነው። ለመኪና የተሠሩ፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ የሚባሉ አንዳንድ ቀጫጭን ዘይቶች ግን ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላለባቸው ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትቱት ይችላሉ።

በዚህ ረገድ የሆንዳ ሲ ጂ 125 ታሪክ ሊታወስ ይገባል። ይህ ሞተር ሳይክል በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ሲሆን የታቀደውም በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ነበር። የሆንዳ መሐንዲሶች በእነዚህ አገሮች ሞተር ሳይክል ከባድ ጭነት እንደሚሸከምና የዘይት ለውጥ እንደሚዘነጋ ተመልክተዋል። ካሜ ዘንጉ ከሲሊንደሩ ራስ ላይ የተቀመጠ ሞተር ንጹሕ ዘይት እስከ ላይ ድረስ ሳይቋረጥ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ስለሆነም መሐንዲሶቹ በጊዜው አሮጌ ወደሚባለው ሥርዓት ተመልሰው ካሜ ዘንጉን ወደ ታች ዘይቱ ወደሚገኝበት አወረዱትና ቫልቮቹን በዘንግ እንዲገፋ አደረጉ። ለቸልተኝነት የሚታገሥ ሞተር ሠሩ ማለት ነው። ይህ እጅግ የሚደነቅ አስተሳሰብ ነው፤ ነገር ግን የጥያቄውን ግማሽ ብቻ የሚመልስ ነው። ቸልተኝነትን የሚታገሥ ሞተር መሥራት አንድ ነገር ሲሆን፣ ቸልተኝነቱን የወለደውን ችግር ከሥሩ ማቃለል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በፋብሪካ ውስጥ የተፈጸመ ሲሆን ሁለተኛው ገና በየግቢው የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ወደ ሥራው ሲመጣ፣ ዘይት ለምን እንደሚረጭ ማወቅ ይቀድማል። ምክንያቱም የእጅ ብልሃት ማነስ ሳይሆን የታወቀ የፈሳሽ ሕግ ነው። ማፍሰሻው በካርተሩ ጎን ላይ ቢሆንና ዘይቱ ከቀዳዳው በላይ 6 ሳንቲ ሜትር ቢቆም፣ በቶሪቼሊ ሕግ መሠረት ዘይቱ በሴኮንድ አንድ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ይወጣል። ከቀዳዳው እስከ ማጠራቀሚያው አፍ 15 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ ጎን 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። የዘይቱ ከፍታ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ግን የሚሄደው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በመጨረሻም በቀጥታ ከቀዳዳው ሥር ይንጠባጠባል። የዘይቱ ውፍረት ፍጥነቱን ስለሚይዘው በተግባር የሚታየው ከዚህ ስሌት ያንሳል፤ የነገሩ መልክ ግን አይለወጥም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ማጠራቀሚያውን ከወዲያ ወዲህ ማሯሯጥ ሳይሆን፣ ከቀዳዳው ሥር ጀምሮ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አፍ ያለው ዕቃ ማዘጋጀት ነው። ማፍሰሻው ወደ ታች የሚያይ ከሆነ ጉዳዩ ይቀላል፤ ዋናው ጥንቃቄም ከእጅና ከቡሎኑ ላይ ይሆናል።

ለዚህ የሚሆን ዕቃ በየቤቱ አለ። ባለ 5 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ባዶ ሲሆን ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋና በሰፊ ጎኑ ይጋደማል። ከላይ የሆነው ሰፊ ጎን ዳር ዳሩ ሁለት ጣት ያህል እየተተወ በምላጭ ይቆረጣል። የተተወው ዳር ከንፈር ሆኖ ዘይቱ ሲንቀሳቀስ እንዳይፈስ ያግደዋል። የጀሪካኑ አንገት በሚቆረጠው ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም፤ የብልሃቱ ዋና ነጥብ እርሱ ነውና። ሥራው ሲያበቃ ክዳኑ ተከፍቶ ዘይቱ በራሱ አንገት በኩል ወደ ማቆያው ጀሪካን ይገለበጣል፤ ሌላ ኢምቡቶ አያስፈልግም። ከመቁረጥ በፊት ግን የተጋደመው ጀሪካን ከሞተሩ ሥር ሊገባ መቻሉ በልክ ይረጋገጥ። ሞተር ሳይክሉ በመካከለኛ ማቆሚያው ሲቆም ይበልጥ ቦታ ይገኛል፤ ዘይቱም ሳያዘነብል ይወርዳል። ከጀሪካኑ ሥር ካርቶን ይነጠፋል። መሬቱ አፈር ከሆነ በካርቶኑ ሥር ላስቲክ ቢጨመር ይመረጣል። አንድ ጣሳ ሰጋቱራ ከአጠገብ ቢቀመጥ የወደቀውን ጠብታ ወዲያው ይጠጣዋል።

በአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ላይ ከማፍሰሻው ሥር የማርሚታው ቱቦ ወይም የሞተሩ መከላከያ ብረት ያልፋል። ዘይቱ ይህን መትቶ በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል፤ በኋላም ሞተሩ ሲነሣ ይጨሳል። ከማያገለግል የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎን የተቆረጠ ቁራጭ እንደ አሸንዳ ታጥፎ ከቀዳዳው ሥር ቢገባ ዘይቱን ከብረቱ አሻግሮ ያወርደዋል። ቱቦው ገና ትኩስ ከሆነ ግን ፕላስቲኩ ስለሚቀልጥ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ይሻላል፤ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ መታጠፍ አለበት። የወረቀት ፊልትሮ ያላቸው ሞተሮች ክዳናቸው ሲከፈት በጎን በኩል ዘይት ስለሚያወርዱ ለእነርሱም ይኸው አሸንዳ ያገለግላል።

ዘይቱ ሲወርድ ምን ያህል ይሙቅ የሚለው ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ሞተሩ ከረጅም መንገድ እንደ ተመለሰ ወዲያውኑ ይፈታዋል፤ ሌላው በማለዳ በብርድ ይፈታዋል። ቁጥሩ 40 የሆነ ዘይት በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ውፍረት በመለኪያው መሠረት ከ12.5 እስከ 16.3 ሚሊ ሜትር ካሬ በሴኮንድ ነው። በ40 ዲግሪ ይኸው ውፍረት ብዙ እጥፍ ይሆናል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ከተማ በማለዳ ደግሞ ከዚያም እጅግ የበለጠ ነው፤ ቆሻሻውም ከታች ረግቶ ይቀራል። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ የደረሰ ፈሳሽ በጥቂት ሴኮንዶች ቆዳ ያቃጥላል፤ ዘይት ደግሞ እንደ ውሃ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ቀዝቅዞ ያደረን ሞተር ጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት፣ ከዚያም የካርተሩን ጎን በመዳፍ መንካት በቂ መለኪያ ነው። መዳፉ ሳይሸሽ መቆየት ከቻለ ሥራው ሊጀመር ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈታው የመሙያው ክዳን ነው፤ የማፍሰሻው ቡሎን ሁለተኛ ይሆናል። የመሙያው ክዳን በእጅ አልፈታ ብሎ በፒንሳ ሲሰበር የሚታወቀው ዘይቱ ከወጣ በኋላ ከሆነ ሞተር ሳይክሉ ከግቢው በራሱ ሊወጣ አይችልምና። የማፍሰሻው ቡሎን በመፍቻ ይላላል፤ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ግን ጓንት በለበሰ ጣት ወደ ውስጥ እየተገፋ ይፈታል። እንዲህ ሲደረግ ጥርሱ ማለቁ በጣት ይታወቃል። ያን ጊዜ ወደ ታች ሳይሆን በፍጥነት ወደ ጎን ይወሰዳል። ዘይቱ ባዶ ሥፍራ ላይ ሲወርድ እጅ በመንገዱ ላይ አይገኝም። በአንዳንድ ሞተሮች ውስጥ ቡሎኑ ስፕሪንግና ወንፊት ስላለው በድንገት ይዘላል፤ ቅደም ተከተላቸውን ሳይመለከቱ የለቀቁ ሰዎች ወንፊቱን ገልብጠው እንደሚመልሱ በጋራዦች የታወቀ ነው። በጀሪካኑ አፍ ላይ አንድ የሽቦ ወንፊት ቢዘረጋ የሚወድቀውን ሁሉ ይይዛል፤ ጣት ዘይቱ ውስጥ አይገባም።

በንጽሕና የወረደ ዘይት ሌላም ጥቅም አለው። መሬት የጠጣው ዘይት ምንም አይናገርም፤ በዕቃ የተጠራቀመው ግን ምስክር ነው። ባለፈው ለውጥ አንድ ሊትር ገብቶ አሁን 700 ሚሊ ሊትር ብቻ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እየበላ ወይም እያፈሰሰ ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከታየ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህም በክረምት ጎርፍ የተሻገረ ሞተር ላይ ሊታይ ይችላል። በቡሎኑ ላይ ወይም በወንፊቱ የተያዘ ጥቂት ደቃቅ የብረት ዱቄት የተለመደ ሲሆን፣ በጣት የሚያዝ ስባሪ ግን ከካምቢዮው ጥርስ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ቤንዚን የሚሸት ቀጭን ዘይት ደግሞ ካርቡራተሩ እንዲታይ ያሳስባል። በወረዳ ከተማ የላቦራቶሪ ምርመራ በማይገኝበት ሁኔታ ይህ ቀላል ምርመራ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ባለሙያው በመጽሐፉ ጀርባ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፣ የገባውንና የወጣውን ልክ ቢጽፍ በሁለት ዓመት ውስጥ የሞተሩን ጤና የሚያሳይ ሰነድ ይኖረዋል።

መልሶ መዝጋት ንጹሕ ሆኖ የተጀመረው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሽበት ቦታ ነው። ካርተሩ አሉሚኒየም፣ ቡሎኑ ብረት ነው፤ ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው። ለዚህ ዓይነት ቡሎን የሚታዘዘው የማጥበቂያ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ይህም በ15 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 17 ኪሎ ግራም ከሚያህል ክብደት ጋር እኩል ነው። መፍቻው 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወይም ቧንቧ ሲቀጠልበት የእጁ ኃይል ሳይለወጥ በቡሎኑ ላይ የሚያርፈው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አጭር መፍቻ ለዚህ ሥራ ድህነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ቡሎኑ ቢያንስ ሦስት ዙር በጣት ሊገባ ይገባዋል፤ እምቢ ካለ ጥርሱ ተሳስቷልና ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይጀመር። ዘይት የሚያግደው የእጅ ጉልበት ሳይሆን ሮንዴላው ነው። የአሉሚኒየም ሮንዴላ በየለውጡ በአዲስ ሊተካ ይገባል። የመዳብ ሮንዴላ ግን በእሳት ቀይ እስኪሆን ተግሎ ሲቀዘቅዝ ልስላሴው ስለሚመለስለት እንደገና ያገለግላል። ያረጀ ሮንዴላ ሲያንጠባጥብ ቡሎኑን ደጋግሞ ማጥበቅ መጨረሻው የተበላ ጥርስና ወደ ቶርኖ ቤት የሚወስድ መንገድ ነው።

በገበያ ላይ ስላሉት ልዩ መሣሪያዎች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በቡሎኑ ምትክ የሚገባ፣ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ የማፍሰሻ ቧንቧ አለ። ለመኪና እጅግ ጥሩ ነው፤ ከሞተር ሳይክል ሆድ በታች ወጣ ብሎ የሚቀር ከሆነ ግን በጠጠርና በድንጋይ መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ ሲመታው የሞተሩ ዘይት በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ከላይ በመሙያው በኩል ዘይቱን በቱቦ የሚስብ ፓምፕም አለ። ቱቦው በካርተሩ ውስጥ ባሉት ግድግዳዎችና ማርሾች መካከል አልፎ ታች ላይደርስ ይችላል፤ መውጣት የሚገባውም ከታች የረጋው ቆሻሻ ነው። በዚህ አገር መንገድ ላይ ከሁለቱም ይልቅ የተቆረጠው ጀሪካን ይመረጣል።

አዲሱን ዘይት ለመሙላት ጠባብ የሆነው መሙያ ችግር ይፈጥራል። ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሲያዘነብል አየር እየገባበት ይንቀጠቀጥና ዘይቱን በሞተሩ ላይ ይተፋል። ጠርሙሱን አፉ ከላይኛው በኩል እንዲሆን በጎኑ አድርጎ ማፍሰስ አየሩ ሳይታገል እንዲገባ ያደርጋል። ክንድ በማይደርስበት ቦታ ከጠርሙሱ አፍ ላይ አንድ ጥርት ያለ የጎማ ቱቦ ቢገጠም ነገሩ ያልቃል። ልኩ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ጥቂት ተቀንሶ ይገባና ሞተሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሠርቶ ከጠፋ በኋላ በመለኪያው ይታያል። መለኪያው ተጠምዝዞ ይነበብ ወይስ ገባ ብሎ ብቻ የሚለው ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ መጽሐፉን ማየት ግድ ነው።

ስለ እጅ የሚነገረው ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይሻል። በ1775 እ.ኤ.አ. ፐርሲቫል ፖት የተባለው የለንደን ቀዶ ሐኪም የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን የሚያጠቃ ካንሰር ከጥላሸት ጋር የተያያዘ መሆኑን ጻፈ። በ1922 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት የማንቸስተር ሐኪሞች ያንኑ ዓይነት ካንሰር በጥጥ መፍተያ ሠራተኞች ላይ አገኙት፤ ልብሳቸው በመኪናው ዘይት የራሰ ሠራተኞች ነበሩ። ያገለገለ የሞተር ዘይት ሁለቱንም በአንድነት የያዘ ነው። ዘይቱም ጥላሸቱም በውስጡ አሉ። አንድ ጊዜ የነካው ሰው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ እጁ በዘይት የሚጠመቅ የጋራዥ ልጅና ዘይት የነካ ጨርቅ በኪሱ ይዞ የሚውል መካኒክ በዚህ አደጋ ውስጥ ናቸው። ስስ የላስቲክ ጓንት ከሌለ ንጹሕ ፌስታል እጅ ላይ ቢታሰር ከምንም ይሻላል። በቤንዚን መታጠብ ግን መቅረት አለበት። ቤንዚን የቆዳን ተፈጥሯዊ ቅባት አጥቦ ቆዳውን ባዶ ያደርገዋል፤ በውስጡ ያለው ቤንዚንም የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ መርዝ ነው። ጥቂት የምግብ ዘይት በእጅ አሽቶ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም በሳሙና መታጠብ ጥቁሩን ዘይት ያነሣዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ። ከአዲሱ ዘይት የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ መደርደሪያ ላይ ማኖር በብዙ ቤት የሚታይ ነው። አዲስ የሞተር ዘይት መልኩ የምግብ ዘይት ወይም ጠጅ ይመስላል፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ ጠርሙሱን እንጂ ይዘቱን አያውቅም። ነዳጅና ዘይት የጠጣ ልጅ ላይ ትልቁ አደጋ ፈሳሹ ወደ ሳንባው መግባቱ ነው። ስለዚህ እንዲያስታውክ ማስገደድ ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። የተረፈው ዘይት በራሱ ቆርቆሮ፣ አሮጌው ደግሞ የመጠጥ ዕቃ በማይመስል ጀሪካን ውስጥ ሆኖ በትልቁ ቢጻፍበትና ቢቆለፍበት ይህ አደጋ ይወገዳል።

የመጨረሻው ጥያቄ የወረደው ዘይት ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከአንድ የዘይት ለውጥ የወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ያስተምራል። ጉዳዩን ወደ አገር ቤት ለማምጣት ሐዋሳ ትበቃለች። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከከተማው ቦዮች በክረምት ጎርፍ የሚገባው ነገር ውሃው ቢተንም እዚያው ይቀራል። በአንድ ከተማ 2,000 ሞተር ሳይክሎች በዓመት ስድስት ጊዜ አንድ አንድ ሊትር ዘይት ቢለውጡ 12,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 60 በርሜል ነው። ስድሳ በርሜል ጥቁር ዘይት በአንድ መኪና ተጭኖ በሐይቁ ዳር ቢደፋ ከተማው በሙሉ በጮኸ ነበር። በየግቢው በር በአንድ ሊትር ሲደፋ ግን የሚጮህ የለም።

አሮጌ ዘይት ግን ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ለሻጋታ ይገዙታል፤ በሌሎች አገሮች ተጣርቶ እንደገና ዘይት ይሆናል፤ ሙቀታቸው 1,450 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ የሲሚንቶ ምድጃዎች ውስጥም በነዳጅነት ይቃጠላል። በእንጨት አጥር ላይ ለምስጥ መቀባቱ በሰፊው የተለመደ ቢሆንም ዝናብ አጥቦ ወደ ጓሮ ጉድጓድ ውሃ ስለሚያወርደው የሚደገፍ አይደለም። ለማናቸውም ጥቅም እንዲውል ዘይቱ ከውሃ፣ ከቤንዚንና ከፍሬን ዘይት ጋር ሳይቀላቀል መቆየት አለበት፤ አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ የሚረከበው አይገኝም። በየከተማው ዘይት የሚቀይሩ ቤቶች አሮጌውን በበርሜል ያጠራቅማሉ። ባለሙያው በዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ሊትሩን ይዞ ወደ እነርሱ ቢሄድ ነገሩ ተፈጸመ። ወረዳዎች ለመንግሥት ሞተር ሳይክሎች አንድ በርሜል በመሥሪያ ቤታቸው ግቢ ቢያኖሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የራሳቸውንም ይዘው እንደሚመጡ ይታመናል።

በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልም እየመጣ ስለሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚቀየር የሞተር ዘይት የለውም። ይሁን እንጂ ዛሬ በየመንገዱ ያለው የቤንዚን ሞተር ሳይክል መለዋወጫ እስከ ተገኘለት ድረስ ለብዙ ዓመታት መንዳቱን አያቆምም፤ በእርጅናውም ዘመን ከወጣትነቱ ይልቅ ንጹሕ ዘይት ያስፈልገዋል።

ሞተር ሳይክልና ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ በአገር ውስጥ የሚገጣጥሙ ድርጅቶች ለማኅበሩ አባላት የሥራ መስክ ናቸው። በእነርሱ ዘንድ የሚሠሩ መሐንዲሶች ከውጭ አምራቾች ጋር ስለ ሞዴል ሲነጋገሩ ስለ ቀለምና ስለ ፍጥነት ብቻ ባይነጋገሩ መልካም ነው። ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂትና ቀላል ናቸው። የማፍሰሻው አፍ ወደ ታች የሚያይና ከማርሚታው ቱቦ የራቀ ይሁን፤ የመሙያው ቀዳዳ ቢያንስ አንድ ጠርሙስ አፍ የሚያስገባ ስፋት ይኑረው፤ የዘይቱ ልክና የማጥበቂያው ኃይል በካርተሩ ላይ በቁጥር ተቀርጾ ይታይ፤ የመመሪያው መጽሐፍ በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ይታተም፤ ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ፌስታል ስድስት ሮንዴላ፣ ማለትም የአንድ ዓመት፣ ታሽጎ ይሰጥ።